ጊቤ አፋፍ ላይ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ

አባቴ አስረስ ጎረቤት ጎመን ከላከችለት እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። እትዬ ጤናዬ ከጓሮዋ ቀንጥሳ የላከችውን ጎመን እናቴ ሠርታ ስታቀርብ፣ አንዴ ይጎርስና «ምን ፈልጋ ነው?» ይላል። ምንም አልፈለገችም ቢባል ይብስበታል። ምንም የማይፈልግ ሰው አባቴ ዘንድ፣ ምን እንደሚፈልግ ገና ያልታወቀ ሰው ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ግምጃ ቤቱ ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ነበረችው፤ እሷም የብረት ፍርግርግ ነበረባት። እዚያ ውስጥ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ የጎደለን ዕቃ ሰው ወስዶታል። አይጥ በላው፣ ተበላሸ፣ ተረሳ የሚባል ነገር አያውቅም። ጡረታ ሲወጣ እኔና እናቴ ተገላገልን ብለን ነበር፤ እሱ ግን ግምጃ ቤቱን ይዞት ቤት ገባ። የዘይቱ ጠርሙስ ላይ በእስክሪብቶ ያሰምራል። ስኳሩን በማንኪያ ጀርባ ደልድሎ ምልክት ያደርግበታል። እናቴ ማሚቴ መጀመሪያ ሰሞን ታለቅስ ነበር። ኋላ ላይ መስመሩን ራሷ ዝቅ እያደረገች ማስመር ጀመረች፤ እሱም አይቶ ልክ ነው ብሎ ያልፋል።

ከእህቱ ጋር የወረሱት የነፋስ ስልኩ ቤት ሲሸጥ በድርሻው አንድ አባዱላ ገዛ፤ ያችን ረዘም ያለችውን፣ አገር አቋራጭ የምትሠራውን ሚኒባስ ማለቴ ነው። እሱ መንዳት አይችልም። ስለዚህ በዕድሜው ያፈራውን ትልቁን ንብረት ለሌላ ሰው አስረክቦ፣ መካኒሳ ያለው ቤታችን በር ላይ ቆሞ መሸኘት ግድ ሆነበት። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ከዚህ የከፋ ኑሮ ያለ አይመስለኝም።

የመጀመሪያውን ሹፌር በአራተኛ ወሩ አሰናበተው። ምክንያቱ ሳቅ ያበዛል የሚል ነበር። ሁለተኛው ስልክ ሲደወልለት ከመኪናው ወርዶ ያወራል ተብሎ ሄደ። ሦስተኛው ጉተማ ነው፤ ጉተማ ስድስት ዓመት ቆየ። እንዴት እንደቆየ ሲገርመን እናቴ «አያወራማ፤ ያላወራውን ከየት አምጥቶ ይጠርጥረው» ትላለች። ጉተማ የለቡ ልጅ ነው፤ ልጅ ስል ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ነው። ለበዓል እኛ ቤት ይመጣል። እሑድ እሑድ ለቡ አካባቢ አዲስ የተሠሩት ሰው የማይበዛባቸው መንገዶች ላይ እየወሰደ መኪና መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ማርሽ ሳንቋቋ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ይላል እንጂ ተቆጥቶኝ አያውቅም። እሱ ከሌለ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ትቆማለች፤ እሷ ከቆመች እኛም እንቆማለን። ይህን አባቴም ያውቃል። ነገሩ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

እኔ የስልክ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ባለፈው ዓመት ባለ ሱቁ መኪና የሚከታተል ጂፒኤስ ማምጣት ጀመረ። የክብሪት ቀፎ የሚያህል ጥቁር ነገር ነው፤ ሲም ካርድ ይገባበትና መኪናው የት እንዳለ፣ የት ቆሞ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ስልክ ላይ ያሳያል። ጥፋቴ ምሳ ላይ ስለ እሱ ማውራቴ ነው። አባቴ ማኘኩን አቆመ።

«ይገጠም» አለ።

«ለምን?»

«ለሌባ። ለጉተማ አይደለም።»

«ለሌባ ከሆነ ለጋሽ ጉተማ እንንገረዋ።»

«እንዲህ ያለ ነገር ተነግሮ ያውቃል?» አለና ወጡን ወደ ራሱ ሳበ።

እኔም ለሌባ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አንድ ቅዳሜ ጉተማ ቤት ውስጥ ምሳ እየበላ ሳለ፣ መኪናዋን ላጥባት ብዬ ወጣሁና ከመሪው ሥር ካለው ፕላስቲክ ጀርባ ገጠምኩት። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። እጄን ታጥቤ ተመለስኩና ወጥ ጨመርኩለት።

አባቴ ከስልክ የሚያውቀው ማንሳትና መዝጋት ብቻ ነው። ስለዚህ ከሥራ እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ «አንብቢ» ይለኛል። እኔ አነባለሁ፤ እሱ ደብተር ላይ ይጽፋል። መኪናችን ብዙ ጊዜ የምትሠራው ወደ ጅማ ነው፤ ለቅሶ ደራሽ፣ ሠርገኛ፣ ለጉባኤ የሚሄድ ምእመን ይኮናተራታል። ሰው ወልቂጤ ላይ ይበላል፤ ይህ ያለ ነው። ከወልቂጤ አለፍ ብሎ ግን፣ መንገዱ ወደ ጊቤ በረሃ ቁልቁል ሊወርድ ሲል፣ ከተማ የሌለበት፣ ሆቴልም ማደያም የሌለበት ቦታ ላይ መኪናዋ ትቆማለች። ሲሄድም ትቆማለች፣ ሲመለስም ትቆማለች። አንዳንዴ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ አንዴ አርባ አንድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሠላሳ ስምንት።

አገር አቋራጭ የሄደ ሰው የአባቴ ፊት ለምን እንደተለወጠ ይገባዋል። ሹፌር ተሳፋሪ ይዞ የገባበት ሆቴል ሹፌሩን በነፃ ያበላዋል። ተሳፋሪው አስተናጋጅ እየተጣራ ሲጠብቅ፣ ለሹፌሩ የተመረጠው ሥጋ በጓዳ በኩል ቀድሞ ይመጣለታል። ስለዚህ ሹፌር ለምን እዚህ አቆመ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሆዱ ነው ያቆመው። ማንም የማያበላው ሜዳ ላይ የሚቆም ሹፌር ግን ተሰምቶ አይታወቅም።

«ናፍጣ ነው» አለ አባቴ። «እየቀዳ ይሸጣል። ማደያው ሁሉ ሰልፍ በሆነበት ጊዜ ገዢ አያጣም።»

በሳምንቱ ናፍጣውን ተወና ወደ ሴት ዞረ። «እዚያ አካባቢ ያስቀመጣት ይኖራል። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ይበቃል።»

«አንተ በምን አወቅህ?» አለችው እናቴ።

ሳቅን፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔም መጠርጠር ጀምሬ ነበር። ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን አንድ ቤት ውስጥ ካለ ሁሉንም ያዳርሳል። ጉተማ መኪናዋን ሊያሳድር ሲመጣ ጫማውን አያለሁ፤ ምን ዓይነት ጭቃ ነው የያዘው እላለሁ። ሸሚዙ አዲስ ከሆነ ማን ገዛለት እላለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ደህና ሰው ሆኖ የኖረው ጉተማ፣ ያች ነጥብ ስልኬ ላይ ከታየች ወዲህ የማላውቀው ሰው ሆነብኝ።

ጥር መጨረሻ ላይ አባቴ «እሄዳለሁ» አለ። መካኒሳ ያለ የአንድ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጅማ ጉባኤ ነበረባቸውና መኪናችንን ተኮናትረው ነበር። እሱ ጅማ ያለ ዘመዴን ልጠይቅ ብሎ ሁለት ወንበር አስያዘ፤ አንዱ ለእኔ፣ ስልኩን እንዳነብለት። ለእናቴ ሲነግራት «ዓይኔ እያየ ያደረገውን ካደረገ ያን ቀን አሰናብተዋለሁ» አላት። እሷም ጉተማን አሰናብተህ መኪናዋን አንተ ልትነዳት ነው ወይ ብላ ገባች። እኔን ጨነቀኝ። ጥፋት ከተገኘ ጉተማ ይሄዳል፤ ያገኘሁትም እኔ ነኝ።

ሐሙስ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። አባቴ ጋቢና ግባ ሲባል እምቢ ብሎ ልክ ከጉተማ ኋላ ተቀመጠ፤ እጁን ለማየት ነው። ሰበታ ላይ የነዳጁን ጌጅ አይቶ ጻፈ። ቱሉ ቦሎ ላይ ጻፈ። ወሊሶ ላይ ጻፈ። ሴቶቹ መዝሙር ጀመሩ፤ የአንገቱን ማተብ ከሸሚዙ አውጥቶ እንዲታይ አደረገና እጁን አጣምሮ ወደ ውጭ ተመለከተ። የሴቶቹ አስተባባሪ ተሾመች የምትባል ሳቂታ ሴት ናት፤ «ጋሼ ይብሉ» ብላ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው። ተቀበለ፣ አሸተተ፣ ለእኔ አቀበለኝ። እኔ በላሁት።

ወልቂጤ ላይ የጉተማ ምግብ ከሁላችንም ቀድሞ መጣ። አባቴ ይህን ሲያይ ፊቱ ፈታ አለ፤ የሚያውቀው ዓለም ነዋ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ ዓይኑን ከጉተማ ማጅራት አልነቀለም።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ጉተማ ከመንገዱ ወጣ አድርጎ አቆመ። ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። ውረዱ እንኳ አላለም፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ራሳቸው ወረዱ። ከዚህ በፊትም ከእሱ ጋር ተጉዘዋልና ቦታውን ያውቁታል። ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን የዘረጉም አሉ። መሬቱ እዚያ ጋ ድንገት ያልቃል። ከሥር ጊቤ ነው፤ ወንዙ ቡናማ ሆኖ ታች ይታያል፤ ከማዶ ተራራ በተራራ ላይ ተደርቦ ዓይን እስኪደክም ይሄዳል። መንገዱ በገደሉ ጎን እየተጠማዘዘ ሲወርድ ላዩ ላይ ያሉት ከባድ መኪኖች የሕፃን መጫወቻ ያህላሉ። ነፋሱ ከታች ሙቀት ይዞ ይመጣል። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ይህን ያህል ሩቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ። ልሰልል መጥቼ ደስ ስላለኝ ደግሞ አፈርኩ።

አባቴ ይህን ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶት መኪናዋ ሥር ጎንበስ ብሏል። የናፍጣ ማስገቢያውን ክዳን በመሐረቡ ጠርጎ መሐረቡን አሸተተ። የኋላውን በር ከፍቶ ሻንጣ ቆጠረ። ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቁጥቋጦ ሄዶ ተመለከተ፤ ሴትም የለች፣ ጄሪካንም የለም። አንድ ዝንጀሮ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቆሞ ትንሽ አየው።

ጉተማ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ክንዱን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። አባቴ መሐረቡን እንደያዘ ሄዶ ከፊቱ ቆመ፤ እኔም ተከተልኩ።

«ማንን ነው የምትጠብቀው?»

«ማንንም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ታደርጋለህ?»

«አያለሁ።»

«ምኑን?»

ጉተማ በአገጩ ወደ ገደሉ አመለከተ። አባቴ አልዞረም፤ ሊያዘናጋኝ ነው ብሎ ይሆናል። ጉተማ እንዲህ አለው።

«የአባቴ ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ ሲባል ፉሪ ተራራ ድረስ ይታይ ነበር፣ ጋሼ። ጤፉ ይታያል፣ ከብቱ ይታያል፣ እንግዳ የሚመጣ እንደሆነ ሳይደርስ ይታያል። አሁን ለቡ በሬን ስከፍት የማየው የጎረቤቴን ፎቅ ግድግዳ ነው። ሹፌር ነኝ፤ ዓይኔ ሩቅ ማየት እንዳይረሳ እፈራለሁ። እዚህ ስቀመጥ ይመለስልኛል። ሰዎቹም ደስ ይላቸዋል፤ አርፈው ሲወርዱ ቁልቁለቱን አይፈሩም። ሌላ ነገር የለውም።»

በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እውነት መሆኑ በድምፁ ያስታውቃል። አባቴም ያመነው ይመስለኛል፤ ትከሻው ወረድ ብሎ ነበር። እዚያ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ምንም አይመጣም ነበር። ግን የግምጃ ቤት ሰው ነው፤ የያዘው ቁጥር ካልተወራረደ አያርፍም።

«ይሁን። ለዓይን አምስት ደቂቃ ይበቃል። የኅዳር ሃያ ሁለቱን አርባ አንድ ደቂቃ ምን ትለዋለህ? የታኅሣሥ ስድስቱንስ ሠላሳ ስምንት? ስትመለስም ያው ሠላሳ ስምንት?»

ጉተማ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ይህን ማን ነገርዎ?»

ያኔ አባቴ ከአፉ ምን እንዳመለጠው ገባው። መሐረቡን ጨበጠው።

«መኪናዋ ላይ አንድ ነገር አለ» አለ። «ለሌባ ነው። እኔ ነኝ የገጠምኩት። በገዛ እጄ።»

አባቴ ለሌላ ሰው ብሎ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የጉተማን ስልክ ቁጥር እንኳ መዝግቢልኝ ብሎ ለእኔ የሚሰጥ ሰው ነው፤ ጉተማ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ወደ ገደሉ ተመለከትኩ።

«ገባኝ» አለ። ተነስቶ ድንጋዩን ከጎማው ሥር አወጣና ጥሩምባ ነፋ። ሴቶቹ ገና ሳይጠግቡ ጫማቸውን እያደረጉ መጡ።

ጅማ ሦስት ሌሊት አደርን። አባቴ ዘመዱን አንዴ ጠየቀና ሌላውን ጊዜ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ አሳለፈ። ደብተሩን አላወጣም። ቅዳሜ ጠዋት ሻዩን እያማሰለ «ሰውየው አልዋሸም» አለኝ።

«አልዋሸም።»

«ቦታውንም አላየሁት እኮ። እሱ ላይ ሳፈጥ።»

«ይቅርታ ጠይቀው፣ አባ። ትቶን ይሄዳል።»

«ስንመለስ» አለ። «እዚያው አቁሞ፣ አብሬው ቁጭ ብዬ እነግረዋለሁ።» ንግግሩን ሲያዘጋጅ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። አባቴ ከሰው ጋር ለመታረቅ ሲዘጋጅ አይቼው ስለማላውቅ አንጀቴን በላው።

እሑድ ስንመለስ ጉተማ እንደ ወትሮው በጥንቃቄ ነዳ። ለተጠየቀው ሁሉ በትሕትና መለሰ። ከጊቤ ዳገቱን ስንወጣ አባቴ ፀጉሩን በእጁ አስተካከለ፤ ልክ ሰው ቤት እንደሚገባ። አፋፉ ላይ ልንደርስ ስንል ወደ ፊት ጠጋ ብሎ በቀስታ «ጉተማ፣ እዚያች ቦታ ላይ አቁምልን» አለው።

ጉተማ በመስታወቱ አየው። «ስንት ደቂቃ ልቁም፣ ጋሼ?»

ሊያሾፍበት አልነበረም፤ ቢያሾፍበት ይሻል ነበር። ሹፌር ባለቤቱን እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀው። አባቴ አፉን ከፈተ። ለዘይቱም፣ ለስኳሩም፣ ለዕንቁላሉም ቁጥር የማያጣው ሰው ቁጥር አጣ። መኪናዋ ፍጥነቷን ሳትቀንስ ቦታውን አለፈች።

«ወንድም ጉተማ፣ አለፍናት እኮ» አለች ተሾመች ከኋላ።

«ሰዓት እንዳይሄድብን ነው፣ እህቴ።»

አባቴ አንገቱን አዙሮ በኋላው መስታወት ለማየት ሞከረ። የሴቶቹ ሻሽና የተደረደረው ሻንጣ ጋርዶት ምንም አላየም። እስከ ወልቂጤ ድረስ ግን ፊቱን አልመለሰም።

ሴቶቹን አውርደን ቤታችን በር ላይ ስንደርስ እናቴ ወጥታ ጠበቀችን። አባቴ ከመኪናው እንደወረደ፣ እሷ ሰላም ሳትለው፣ ጉተማ ፊት ቆሞ «አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ» አለው። ያዘጋጀውን ንግግር ሁሉ ረስቶት ይህ ብቻ ነው የቀረለት። እናቴ በሠላሳ ዓመት ትዳር ውስጥ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ ስለማታውቅ በሩን ይዛ ቀረች።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ ጉተማ። ትከሻውንም ሳመው። «ቂም አልይዝብዎትም፣ ጋሼ። ግን ከነገ ጀምሮ ሌላ ሹፌር ይፈልጉ።»

«ነገርየውን ዛሬውኑ አስወጣዋለሁ። አሁኑኑ።»

«ቢያስወጡትም ለእኔ አይወጣልኝም። ዛሬ እዚያ ጋ ስንደርስ ያየሁት ገደሉን አይደለም፤ ሰዓቴን ነው።»

እናቴ ግባና እራት ብላ ብትለው፣ ሌላ ጊዜ ብሎ ወደ መኪናዋ ተመለሰ፤ ጃኬቱንና የሻይ ፔርሙዙን ለመውሰድ ነው። ተከትዬው ሄድኩ። ምን እንደምለው አላውቅም ነበር። ጃኬቱን ክንዱ ላይ አድርጎ ዞረ።

«የት ጋ ነው?» አለኝ።

ከመሪው ሥር አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው።

«ደህና ቦታ ነው ያስቀመጥሽው። ብፈልገው አላገኘውም ነበር።»

«ጋሽ ጉተማ፣ እኔ…»

«መኪናዋን ላጥባት ያልሽ ቅዳሜ ነው?»

«አዎ።»

ቀና አለ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግኩ፤ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

«አንቺ መኪናዋ ውስጥ ስትገቢ እኮ» አለኝ፣ «ምን ታደርግ ይሆን ብዬ ዞር ብዬ አይቼ አላውቅም።»